«አንቺ መቼ ነው የሰማሽው?»

የምክር ዓምድ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 32 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማልለያት ጓደኛ አለችኝ። ጉለሌ በር ለበር ነው ያደግነው። እናቷ ለእኔም እናት ነበሩ፤ «እትዬ» ነበር የምላቸው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የምንገባው እሳቸው ቤት ነው። የእናቴ ቤት የሚታወሰን ሲመሽ ነበር።

ጓደኛዬ ከአምስት ዓመት በፊት ለቤት ሠራተኝነት ኩዌት ሄደች። እትዬ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አረፉ። ሕመሙ ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና «ኮንትራቷ እስኪያልቅ አትረዳ» ተባለ። ሰው ቤት ብቻዋን ናት፣ ማን አጠገቧ ይቀመጣል፣ አንድ ነገር ብትሆንስ ተባለ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ዝም በይ ተባልኩ፣ ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ ላይ መጣች። ከአየር ማረፊያ አክስቷ ቤት ወስደው አሳደሯትና በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ተረዳች። ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልችልም። ለእትዬ ያመጣችው ወፍራም ብርድ ልብስ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣም አለች። ጥር መጨረሻ ላይ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሲቀንስ፣ አንድ ቅዳሜ «ተነሺ፣ አየር እንቀበል» ብዬ ጉለሌ ዕጽዋት ማዕከል ወሰድኳት። አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሁለታችንም ገብተን አናውቅም ነበር።

እንዴት ያለ ጥሩ ቀን መሰልዎ! ዳገቱን ስንወጣ በየሃያ እርምጃው ቆመን እንተነፍሳለን። «አምስት ዓመት ሙሉ በሊፍት ነው የኖርኩት» ብላ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዛፎቹ ላይ የተለጠፈውን ስም እያነበበች ትሄዳለች። ኮሶው ጋ ስንደርስ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚል አየች። «ውይ፣ ለኮሶም ፓስፖርት አወጡለት!» አለች። ትንሽ ከፍ ካልን በኋላ ቆማ ቁልቁል ከተማውን አየች። «እማዬ እኮ ይሄን ዳገት የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ ነው የኖረችው» አለች። እውነቷን ነው። እትዬ እንጨትና ቅጠል ሸጠው ነው ያሳደጓት።

ለመድኃኒት የሚሆኑት ጋ ስንደርስ ዳማ ከሴ አየች። ቀጥ ብላ ሄዳ ቅጠሉን ቀጠፈችና በመዳፏ አሽታ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። ጥበቃው ከሩቅ «እህት፣ አይቀጠፍም!» አለ። አልሰማችውም። ምች ሲመታን እትዬ ያንን አሽተው ያሸቱን ነበር። ጭማቂውን ቡናችን ውስጥ ጠብ ያደርጉልናል። ደጃፋቸው ላይ በትልቅ የዘይት ጣሳ የተተከለ ነበራቸው።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። ስክሪኑ ላይ ያለው የእትዬ ፎቶ ነው። ቀሚሳቸውን ለብሰው ቄጠማ ላይ ቡና ያፈላሉ፤ ከኋላቸው ያ ጣሳ ይታያል። «እይው፣ ያው ዳማ ከሴ» አለችኝ። «ይሄን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ።» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ፊቴን ሳታይ «አንቺ መቼ ነው የሰማሽው?» አለች።

«ቆይቼ ነው። ያኔ ለሥራ አዳማ ነበርኩ፤ ነሐሴ ላይ ነው የነገሩኝ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሣልስቱንም እዚያው ነው ያደርኩት።

«እሺ» አለች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ያወራነው ስለ ዛፍ ብቻ ነው።

አሁን ሦስት ሳምንት ሆነው። ስደውል ታነሳለች፤ «ደህና ነኝ» ትልና ወሬ ታሳጥራለች። ሙት ዓመቱ አንድ ወር አልቀረውም። ወንድሟ ያስቀረጸው የቀብር ቪዲዮ አለ። እሷ ገና አላየችውም። እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ፣ ደረቴን ስመታ።

ልንገራት ወይስ ይለፍ? ብነግራት የማጣት ይመስለኛል። እናቴ «አሁን ምን ያደርግላታል? ቁስል መነካካት ነው» ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ደግሞ ረስቼው፣ ያንን ፎቶ የላክሁላት ሰኔ ላይ ነው። «የእማዬን ፎቶ ካልላካችሁልኝ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ» ብላ ወንድሟን ስታስጨንቀው እሱ ለምኖኝ ነው። ከዓመት በፊት ለፋሲካ የተነሱት ነበር። «ዛሬ አነሳኋቸው» አልኳት።

ምን ይመክሩኛል?

የጉለሌዋ

*

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ያሰብኩት ዳማ ከሴው ጋ ስለተናገርሽው ውሸት ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ «ረስቼው» ባልሽው መስመር ላይ ቆመ። የረሳሽው አይመስለኝም። መጨረሻ ያደረግሽው ከሁሉም የከበደሽ እሱ ስለሆነ ነው ብዬ ገመትኩ። ደግሞም ጻፍሽው። መተው ትችዪ ነበር።

እስቲ አብረን ቀን እንቁጠር። እትዬ ያረፉት መጋቢት ነው። ፎቶው ኩዌት የደረሰው ሰኔ፣ «ዛሬ አነሳኋቸው» ከሚል ቃል ጋር። ጓደኛሽ እናቷ ያረፉበትን ቀን ከተረዳች ጠዋት ጀምሮ ታውቀዋለች። ፎቶው የተላከበት ቀን ደግሞ ስልኳ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ሌሊቱን ምን ሲያደርግ እንደሚያድር ታውቂያለሽ። ስልኩን ወደ ኋላ እየጎተተ የድሮ መልእክት ያነባል፣ የድሮ ድምፅ ያዳምጣል። «ያን ቀን ስታወራኝ ታማ ነበር? ያን ቀንስ?» እያለ ቀን ከቀን ያመሳክራል። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ያንን ፎቶ አልቆጠረችውም ብለሽ ነው?

አሁን አትክልት ቦታው ውስጥ ያደረገችውን በቅደም ተከተል ተመልከቺው። መጀመሪያ ፎቶውን አወጣች። ቀጥላ «ይሄን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ነው «አንቺ መቼ ነው የሰማሽው?» ያለችው፤ እሱንም ፊትሽን ሳታይ። ልሳሳት እችላለሁ፣ እኔ አጠገባችሁ አልነበርኩም። ግን ጓደኛሽ መልሱን ይዛ የጠየቀችሽ ይመስለኛል። ፊትሽን ያላየችው ላለማሳጣት ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ «ግቢ» እያለችሽ ነበር። አንቺ ደነገጥሽና መልሰሽ ዘጋሽው።

ይሄን የምልሽ ላሳቅቅሽ ብዬ አይደለም። ጥያቄሽ ስለሚቀየር ነው። «ልንገራት ወይስ ይለፍ?» ብለሻል። ቀድማ ካወቀች ግን የምትነግሪያት አዲስ ነገር ብዙም የለም። የቀረው አንቺም የምታውቂ መሆንሽን፣ እሷም የምታውቅ መሆኗን ሁለታችሁም ይዛችሁ እስከ መቼ ስለ ዛፍ ታወራላችሁ የሚለው ነው።

ስለ መርዶው መደበቅ ብዙ ራስሽን አትቅጪ። እሱ ያንቺ ውሳኔ አልነበረም። መርዶ ባለቤት አለው፤ ጎረቤት ተነስቶ አይናገርም። ቤተሰቡ የፈራው ፍርሃትም ከንቱ አይደለም። ኩዌት የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ጥዬ ልሂድ ብትል ነገሩ እንደ አፍ አይቀልም። ሰው ቤት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትቀመጥበት መደብ ሳይኖራት፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» የሚላት አንድ ሰው በሌለበት፣ በማግስቱ ምግብ ሠርተሽ አቅርቢ እየተባለች መስማት ምን እንደሆነ ቤተሰቡ አስቧል። ልክ ነበሩ ወይ? እኔ እንጃ። እኔ ብሆን እንዲነገረኝ ነበር የምፈልገው። ግን ይሄን ዛሬ ቁጭ ብዬ ማለት ቀላል ነው።

አያቴ ያረፈችው እኔ ባሕር ዳር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ፈተና ላይ ነበርኩና ሦስት ሳምንት ደበቁኝ። በመደበቃቸው ዛሬ ቅር አይለኝም። የማይወጣልኝ ሌላ ነው። መሃል ላይ ደውዬ «እማማ እንዴት ናት?» ስል ታላቅ እህቴ «ደህና ናት፣ አሁን እንኳ ተኝታ ነው» አለችኝ። ያቺን «ተኝታ ነው» የምትለዋን ቃል ስንት ዓመት ይዣት ዞርኩ። ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ ቀን እህቴ ሽንኩርት እየላጠች «ያን ቀን ተኝታለች ያልኩሽ...» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ያንቺ «ዛሬ አነሳኋቸው» ከእህቴ «ተኝታ ነው» ጋር አንድ ነው። ዝምታው የሁሉም ነበር፤ ይቺ ቃል ግን ካንቺ አፍ የወጣች ናት። ወንድሟ ቢለምንሽም የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጓደኛሽ ደግሞ ያንን ፎቶ ስክሪኗ ላይ አድርጋ፣ እናቷ በሕይወት አለች ብላ፣ ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ከሄደው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኖራበታለች። ይሄን ስጽፍልሽ ከብዶኛል። አንቺም ሳይከብድሽ አልቀረም፣ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ፎቶውን አላጠፋችውም። አሁንም ስክሪኗ ላይ ነው። በሐሰት ቀን የመጣ ቢሆንም እናቷ ናቸው፤ የላክሽውም አንቺ ነሽ። ባትፈልግሽ ኖሮ አብራሽ ያን ዳገት አትወጣም ነበር።

ደግሞ ምን እንደጎደላት አስቢ። ቀብሩ አልፏታል። አርባው አልፏታል፣ ሰማንያው አልፏታል። እሷ ስትመጣ የሰፈሩ ሰው እንባውን ጨርሶ ነበር፤ ያለቀሰው ለእሷ ብሎ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ቁጭ ብሎ የሚነግራትም የለም። የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደባቂ ነበርና ማውራቱ ያሳፍረዋል። የዚያን ቀን ፀሐይ ነበር ወይስ ዝናብ? ማን ማን ነው የተሸከማቸው? ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሴትዮ መጥተው ነበር? እትዬ የመጨረሻ ቡናቸውን የጠጡት መቼ ነው? ስሟን ጠርተው ነበር? ይሄን ሁሉ ለወንድሟ አታነሳውም፤ እሱን መልሳ ማስለቀስ አትፈልግም። ለአክስቷም አትጠይቅም። ልትጠይቅ የምትችለው አንድ ሰው አንቺን ነው። «አዳማ ነበርኩ» ስትያት ያጣችው ይሄንን ነው። የእናቷን ቀብር ባይኖችሽ ልታይ ፈልጋ ነበር፤ አንቺ አልነበርኩም አልሻት።

እናትሽ «ቁስል መነካካት ነው» ማለታቸው ከፍቅር ነው። በእሳቸው ዘመን እንዲህ ያለው ነገር በዝምታ ያልፍ ነበር፤ አንዳንዴም በደንብ ያልፋል። ምንም ሳይነጋገሩ ተፋቅረው የኖሩ ጓደኛሞች አውቃለሁ። ያንቺ ግን የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ቪዲዮ አለ። ዛሬ ባታየው ሙት ዓመቱ ላይ ታየዋለች። ወይ ደግሞ አንዷ ጎረቤት ከድንኳኑ ሥር «አንቺማ ቀብሩ ላይ ስትሆኚ የነበረውን አይተናል፣ የልጅ ያህል ነው ያለቀስሽላቸው» ትልሻለች፤ ያውም ልታመሰግንሽ ብላ። ያኔ ጓደኛሽ አጠገብሽ ቆማ ትሰማለች። ያ ቀን ከእናቷ ተዝካር ሁሉ የመጀመሪያ ሆና የምትገኝበት ነው። በዚያ ቀን ስላንቺ እንድታስብ አታድርጊያት።

ስለዚህ ንገሪያት። ቢቻል በሚመጣው ሳምንት፣ ቢዘገይ ሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ለመቆጣት ጊዜ ያስፈልጋታል። ተቆጥታ፣ ለተወሰነ ቀን ስልክሽን ሳታነሳ ቆይታ፣ ከዚያ ስትመለስ ገና ሙት ዓመቱ ያልደረሰ ቢሆን ጥሩ ነው።

በስልክ አይሁን። በጽሑፍም አይሁን፤ አንዴ በጽሑፍ ያደረግሽው ይበቃል። እነሱ ቤት አይሆንም፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ካፌም አልወድም፤ አስተናጋጁ ማኪያቶውን ሲያስቀምጥ እንባ መጥረግ ያሳቅቃል። እኔ ብሆን እዚያው ጉለሌ እመለስ ነበር። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመተያየት ይቀላል። እሷም የጠየቀችሽ በዚያ መንገድ ነበር።

ቦታውን በደንብ አውቀዋለሁ። ሰፊ ነው፣ 705 ሄክታር ገደማ ይሆናል። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው ያቋቋሙት። በባህር ዛፍ የተሸፈነውን ጋራ እየመለሱ አገር በቀል ዛፍ ይተክሉበታል፤ ኮሶውም፣ ጽዱም፣ ወይራውም ወደ ቤቱ ተመለሰ እንደ ማለት ነው። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን የጓደኛሽን ቃል ካነበብኩ ወዲህ ባህር ዛፉንም ሳስበው ቅር አለኝ። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፣ ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም እያልን እናማዋለን። ስንት ቤት እንጀራ የጋገረው፣ ስንት ልጅ ያስተማረው ግን የዚያ ዛፍ ቅጠል ነው። እትዬ የወረዱበት ዳገት ላይ ስማቸውን የለጠፈ የለም። ለዚህም ይሆናል ልጃቸው እዚያ ቆማ ጮክ ብላ የተናገረችው።

ስትሄዱ የሥራ ቀን ይሁን፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራና ፎቶ አንሺ ይበዛል። ጠዋት ይሁን። ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይ ብትወጣም ጥላው ሥር ይበርዳል፤ ለእሷም የሚሆን ሹራብ ያዢ። ጾም ነውና ቆሎና ውኃ ይበቃችኋል። ሌላው ከሁሉም ይበልጣል፤ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ከበሩ ርቃችሁ፣ ቀኑ ሲያልቅ አትንገሪያት። ገና ከበሩ ሳትርቁ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ንገሪያት። ከተናደደች ዞራ መውጣት እንድትችል ነው። ከሰማች በኋላ ካንቺ ጋር ያን ሁሉ ዳገት ለመውረድ ልትገደድ አይገባም። የታክሲዋን ብር ይዛ መሆኑን አንቺ ቀድመሽ አስቢበት።

ምን ልበላት ትዪኝ ይሆናል። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ያን ቀን ዳማ ከሴው ጋ ዋሸሁሽ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ፎቶውንም ስልክልሽ እትዬ አርፈው ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።» አራት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ዝም በይ። ዝም ማለቱ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፤ አፍሽ ወደ ማስረዳት ይሮጣል። «ላንቺ ብዬ ነው» አትበይያት። ለእሷ ብሎ የዋሻት ሰው ብዛት ቤቷን ሞልቶታል። «ወንድምሽ ነው ያዘዘኝ» አትበይም፤ እውነት ቢሆንም ያለ እሱ ማን ቀራት? ስትጠይቅሽ መልሺ። ካለቀስሽ አልቅሺ፣ ግን እሷ ተነስታ አንቺን ማባበል እስክትጀምር ድረስ አይሁን። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚያልቀው። በዳዩ ያለቅሳል፣ ተበዳይ ሶፍት ያቀብላል።

ለወንድሟ አስቀድመሽ ንገሪው። ፈቃድ ጠይቂው እያልኩሽ አይደለም። «እኔ የራሴን ልነግራት ነው፤ ስላንተ አልናገርም» ብትይው ይበቃል። ቪዲዮውንም እንዳያሳያት ሳይሆን ብቻዋን እንዳታየው ጠይቂው። ምናልባት ካንቺ ጋር ማየት ትፈልግ ይሆናል። ምናልባትም ጨርሶ ማየት አትፈልግ ይሆናል። ያ የእሷ ነው።

እና ምን ትላለች? ሦስት ነገር ይታየኛል። «አውቅ ነበር» ልትልሽ ትችላለች። እንዲህ ካለች «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብለሽ ነገሩን እንዳታዞሪባት። ወይ ተነስታ ትሄዳለች። ተዪያት፤ አትከተያት፣ በማግስቱም አሥር ጊዜ አትደውዪ። በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት ላኪ፦ «ስትፈልጊኝ አለሁ።» ያው ነው፣ ሌላ አትጨምሪበት። ወይ ደግሞ ቁጭ ትልና «እስቲ ንገሪኝ» ትልሻለች። ያኔ ያየሽውን ንገሪያት፣ እንዳየሽው። ሰዉ ብዙ እንደነበር፣ ማን እንደጮኸ፣ ወንድሟ ምን ሆኖ እንደነበር። እትዬ ሲያጣጥሩ ያሉት ከባድ ነገር ካለ ሳትጠይቅሽ አታውጪው። ከጠየቀችሽ አትደብቂ። ለማስደሰት ብለሽም አትጨምሪበት፤ «ስምሽን እየጠራች ነው ያረፈችው» የሚባለው ነገር እውነት ካልሆነ ይቅር። የተጨመረውን እሷ ታውቀዋለች። ከእንግዲህ የምትነግሪያትን ሁሉ ደጋግማ እንደምታመሳክር እወቂ፤ ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

አንቺንስ ማን አጽናናሽ? ይሄን ሳልጠይቅሽ መሄድ አልፈለግሁም። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለራስሽ ኀዘን አንዲት መስመር ብቻ ናት ያለችው፣ «ደረቴን ስመታ» የምትለዋ። ሣልስቱን እዚያው ያደርሽ ሰው ነሽ። እትዬ ላንቺም ቡና ውስጥ ዳማ ከሴ ጠብ አድርገዋል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደህና እንደሆኑ እያስመሰልሽ ስትኖሪ መቼ አለቀስሽላቸው? ከጓደኛሽ ጋር ከታረቃችሁ፣ መታረቃችሁም አይቀርም ብዬ አስባለሁ፣ ይሄንንም አንድ ቀን ንገሪያት። በዚያው ቀን ግን አይሁን። ያ ቀን የእሷ ነው።

ስትመለሱ ጥበቃው ዘብ ቆሞ ይጠብቃችሁ ይሆናል፣ ቅጠል አትቀጥፉበት። ዳማ ከሴ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል፤ ገበያም በእስር ይሸጣል። የእትዬ ራሱ ካለ ግን ሌላ ምን ያስፈልጋል? ያ የዘይት ጣሳ አሁንም ደጃፉ ላይ ነው? ማን ነው የሚያጠጣው?